ተልባ የፈሰሰበት ወለል

በ2015 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ የበልጉ ዝናብ መጣሁ ቀረሁ በሚልበት ሰሞን፣ የሺ ወደ ቤቴ መጣች። አሥራ አንድ ዓመት ደጄን ረግጣ አታውቅም ነበር። የእኔ ቤት መሐል ሜዳ ከገበያው በላይ ነው፤ የእሷ ከገበያው በታች። ሩቅ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እንሳሳማለን፤ ከዚያ በየፊናችን እንሄዳለን።

ቁጭ በይ አልኳት። አልተቀመጠችም።

«እትዬ ዘነበች፣ ማዕድ ቤታችንን ልናድስ ነው። ወለሉን እርስዎ እንዲመርጡልኝ ነው የመጣሁት።»

«እኔ ሥራ ትቻለሁ» አልኳት። እውነቴን ነበር። ሐኪሙ ጉልበቴን አይቶ «እናቴ፣ ከእንግዲህ መንበርከክ ይቅርብሽ» ካለኝ ሦስት ወር ሆኖት ነበር። መሣሪያዎቼን አጥቤ በከረጢት አስሬ አልጋ ሥር ከትቻቸዋለሁ።

«ይሥሩልኝ አላልኩም። ይምረጡልኝ ነው ያልኩት።»

«ለምን እኔን?»

የሺ ነጠላዋን አስተካከለች። «እማማ ናቸው ያሉት። ‹ዘነቡ ካልመረጠችው እግሬን አላስገባበትም› አሉ።»

ያን ጊዜ እኔ ራሴ ተቀመጥኩ።

እማማ የምትላቸው የባሏን እናት እማማ ስንዱን ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እኔ ባነጠፍኩት ወለል ላይ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረው እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሳቸውን ማዕድ ቤት አልረገጡም። ልጄ ሕይወት ስለ ሥራ ዘመንሽ ጻፊ ስትለኝ ከየት እንደምጀምር አላውቅም ነበር። የምጀምረው ከዚህ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ወለል ሠርቻለሁ። ስጀምር ግን ወለል ሠራተኛ ለመሆን አልነበረም። መሐል ሜዳ ላይ ትምህርት ቤት ሲሠራ አሸዋና ውሃ ለመሸከም ነው የተቀጠርኩት። ሕይወት ገና ጡት አልተወችም ነበር። ባለቤቴ ተሰማ ገበሬ ነው፤ በዚያ ዓመት ገብሳችንን ውርጭ መትቶት ነበር። ስለዚህ ተሸከምኩ።

ከክፍሎቹ በአንዱ ወለሉ ላይ ሲሚንቶው ተለስልሶ አላለቀም ነበር፤ ወንዶቹ ምሳ ወጡ። እኔ ምሳዬን ቶሎ ጨርሼ ነበርና አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት። ሸካራ ሆኖ ሊደርቅ ነው። እጄ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ቤቴን በእበት ስለቀልቅ እንደማደርገው፣ በመዳፌ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በግማሽ ክብ፣ ቀስ እያልኩ ዳበስኩት። አንድ ክንድ ያህል፣ ከዚያም ሁለት ክንድ። ቀና ስል ከበሩ ላይ ግንበኛው ጋሼ ሞገስ ቆመው ያዩኛል። ደነገጥኩ። የምባረር መሰለኝ።

«ይኼን እጅ የት ተማርሽው?» አሉኝ።

«የትም አልተማርኩም ጋሼ። ቤቴን ስለቀልቅ ነው።»

ዝቅ ብለው ጉንጫቸውን ወለሉ ላይ ሊያስደግፉ ትንሽ እስኪቀራቸው አጎነበሱና በብርሃኑ አዩት። ከዚያ የማለስለሻውን ብረት ሰጡኝ። «እጅሽን ሲሚንቶ ይበላዋል። በዚህ አድርጊው።»

ወንዶቹ ከምሳ ሲመለሱ እኔ ወለል ላይ ነኝ። አንዱ ሳቀ። «ጋሼ ሞገስ፣ ሴትየዋን ወለል ላይ አወጧት፤ ነገ ጣራ ላይ እንዳናያት!»

«ጣራው የእናንተ ይሁን» አሉ ጋሼ ሞገስ። «ወለሉን ግን ስታበላሹት ከርማችኋል።»

እንዲህ ሆኖ ጀመርኩ። ተመስገን። ክፍያዬ መጀመሪያ ከወንዶቹ ያንስ ነበር፣ በኋላ እኩል ሆነ፤ ስለ እሱ ይኼ ይበቃል።

ከጋሼ ሞገስ ጋር ዐሥራ ሦስት ዓመት ሠራሁ። የቀየት ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ። በቀየት መንገድ ጤና ጣቢያ ሠርተናል፤ ግሼ በኩል ሁለት ትምህርት ቤት፤ የቀረው የሰው ቤት ነው። ሥራ ሲጀምሩ ያማትባሉ። ወለሉ ሳያልቅ ከዚያ ቤት እህልም ጠላም አይቀምሱም፤ «በልቼ ካበላሸሁ ዕዳው ሁለት ይሆናል» ይሉ ነበር። ሲጨርሱ ጫማቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሄዳሉ። እግራቸው ያላገኘውን እንከን ማንም አያገኘውም።

ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሲሚንቶ አያፈሱም ነበር። የእኛን አገር የማያውቅ አንድ ፎርማን መጥቶ ቸኩሎ፣ ማታም ይሠራ አለ። ጋሼ ሞገስ አልተከራከሩም። የራሳቸውን ድርሻ በጊዜ ጨርሰው ጓሳ ሣር አለበሱት፤ ከጓሳ የመጣ ደህና ወፍራም ሣር ነበር። ፎርማኑ «ሣሩን ለከብት ስጡት» ብሎ ሳቀ። በበነጋው ውርጩ ነጭ ሆኖ አደረ። የፎርማኑ ወለል በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ተፈረፈረ። የእኛ ከሣሩ ሥር እርጥብ ሆኖ፣ ጠንክሮ ወጣ። ጋሼ ሞገስ ሣሩን አንሥተው ሰብስበው፣ «በል፣ አሁን ለከብቱ ይሰጥ» አሉት። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ማዕድ ቤት ሲሠሩ ነው። የማዕድ ቤት ወለል ሥሩልኝ ያላቸውን ሰው ዋጋ አይነግሩትም፣ አይለኩለትም። መጀመሪያ ባልዲ ገልብጠው ጥግ ላይ ይቀመጣሉ። የቤቱ እመቤት ስታበስል ቀን ሙሉ ያያሉ። ፊቷን አይደለም፣ እጇንም አይደለም፤ እግሯን። ከምድጃ ወደ ውሃ ስንት ጊዜ እንደምትሄድ፣ የት ቆማ እንደምትወቅጥ፣ ምን እንደምታፈስ። ሴቶቹ መጀመሪያ ያፍራሉ። «ምን ሆነው ነው የሚያዩኝ?» ብላ አንዷ ባሏን ጠርታ ነበር። ማምሻውን ተነሥተው፣ «እዚህ ጋ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ሙቀጫው ያርፍበታል። እዚህ ሲሚንቶ። ከውሃው ሥር ደግሞ ወደ በሩ ትንሽ ዘንበል ይበል» ይላሉ። ትክክል ነበሩ። ሁልጊዜ ትክክል ነበሩ።

ጋሼ ሞገስ ደክሟቸው ቀየት ልጃቸው ቤት ሲገቡ፣ እኔ ብቻዬን ቀጠልኩ። በዚያው ሰሞን ሴራሚክ ወደ መሐል ሜዳ ገባ። ደብረ ብርሃን ወርጄ፣ ዘመድ ቤት አርፌ፣ ሁለት ወር ለአንድ አንጣፊ ውሃ እያቀበልኩ ሥራውን ለመድኩ። ስመለስ በከተማችን ሴራሚክ የምታነጥፍ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው ይጠራኝ ጀመር። ኮራሁ። መኩራቴን እዚህ መጻፍ አለብኝ፤ የሚቀጥለው የመጣው ከእሱ ነውና።

በ2004 ጥር ወር የሺና ባሏ ማዕድ ቤታቸውን ነጭ በነጭ ሴራሚክ አስነጠፉኝ። መስታወት የመሰለ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነበር። ለጥምቀት እንግዳ ስላለባቸው ቸኩለዋል። ጋሼ ሞገስ ቀን ሙሉ የሚቀመጡበት ቦታ እኔ አንድ ሰዓት እንኳ አልተቀመጥኩም። ሴት ነኝ፤ ማዕድ ቤት ምን እንደሆነ ማን ሊነግረኝ ነው አልኩ። በአምስት ቀን ጨረስኩት። ሲያልቅ የሺ በሩ ላይ ቆማ ፈዛ ቀረች።

«እትዬ ዘነበች፣ እንዴት ያምራል! ግን አያንሸራትትም?»

አንድ ጣሳ ውሃ አፈሰስኩበት። በባዶ እግሬ ሄድኩበት፤ ተመለስኩ። አልተንሸራተትኩም። «ይኼው፤ አያንሸራትትም» አልኳት።

ይኼ ቃሌ ነው። ማንም አላስገደደኝም።

ጾሙ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ እማማ ስንዱ የተልባ ፍትፍት በሳሕን ይዘው ከማዕድ ቤት ሊወጡ ሲሉ ጥቂት ፈሰሰባቸው። ተመልሰው ሊጠርጉ አንድ እርምጃ አነሡ። ተልባ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል። ውሃ በዚያ ሴራሚክ ላይ ምንም አልነበረም፤ ተልባ ግን ሳሙና ከቅባት ጋር የተለወሰ ያህል ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ያልሻርኩ፣ በየዓመቱ ይኼን ሁሉ ቀን ተልባ የምበጠብጥ ሴት፣ ወለሉን ስፈትን የፍስክ ማዕድ ቤት ብቻ ነበር የታየኝ።

ሆስፒታል ወሰዷቸው። ሁለት ወር ተኝተው ተመለሱ። ልጠይቃቸው ስሄድ ማንም ክፉ አልተናገረኝም። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሉ እማማ ስንዱ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። የሺ ወተት አቀረበችልኝ። ምነው በሰደቡኝ ብዬ ወጣሁ።

ቀየት ሄጄ ለጋሼ ሞገስ ነገርኳቸው። ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ዓይናቸው ደክሟል። እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«ሲሚንቶው በቂ ነበር?»

«በቂ ነበር።»

«ውሃ ልኩስ?»

«ልክ ነበር። ፈትኜዋለሁም፤ ውሃ አፍስሼ ሄጄበታለሁ።»

«እግራቸውን አየሽው?»

«አላየሁትም ጋሼ።»

«እንግዲያ ውሃው ምን ያድርግልሽ» አሉኝ። ስነሣ ደግሞ ጠርተው መለሱኝ። «ነገ ሥራ ግቢ፤ እንዳትቀሪ። ከቀረሽ ሁለተኛ አትነሺም።»

ገባሁ። ከዚያን ዓመት ጀምሮ ግን ተልባ በአፌ አልዞረም። ስእለት አይደለም፤ ለማንም አልተናገርኩም። አልወርድ አለኝ፣ ይኸው ነው። ለሥራ ግን እበጠብጠው ነበር። ሴራሚክ የሚያስነጥፍ ሰው ሲጠራኝ መጀመሪያ ባልዲዬን ገልብጬ እቀመጣለሁ፣ ቀጥሎ ሱቅ ሄጄ በጠርሙስ ያመጣሁትን ተልባ ሴራሚኩ ላይ አፈሳለሁ። ሱቆቹ ስም አወጡልኝ፤ የተልባዋ ሴትዮ። ከሩቅ ሲያዩኝ «መጥረጊያ አምጡ፣ መጣች!» ይላሉ። ይበሉ። ከዚያ በኋላ ያነጠፍኩት ወለል ላይ ሰው ወደቀ ሲባል አልሰማሁም፤ ክብሩ ለእግዚአብሔር ይሁን። ሥራውን ለሌሎች ሴቶችም አስተማርኩ። ከእነሱ ውስጥ ብርቄ የምትባለው፣ በፊት በቆሎ እሸት ትሸጥ የነበረች፣ ዛሬ ከእኔ ትበልጣለች። ይኼን ለእሷም ነግሬያታለሁ።

እንግዲህ የሺ ስትመጣ የነበርኩት እንዲህ ነው። ሥራ ያበቃልኝ፣ ሁሉም የተሳካልኝ፣ አንድ ወለል ብቻ የቀረብኝ።

በማግስቱ ባልዲዬን ይዤ ሄድኩ። በልቤ መርጬ ጨርሼ ነበር፤ ድንጋይ ነው። የእኛ አገር ጥርብ ድንጋይ ሸካራ ነው፤ ተልባም ቢፈስበት፣ ቅቤም ቢፈስበት እግር ይይዛል። ለየሺ ልነግራት አፌን ልከፍት ስል ጋሼ ሞገስ ትዝ አሉኝ። ባልዲዬን ይዤ ወደ ደጅ ዞርኩ።

እማማ ስንዱ ደጅ መደቡ ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። አጠገባቸው ምርኩዛቸው አለ። ባልዲውን ገልብጬ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«መጣሽ?» አሉኝ፣ ከእንዝርታቸው ዓይናቸውን ሳያነሡ።

«መጣሁ እማማ።»

«ምን ታያለሽ?»

«እግርዎን።»

«አይተሽው አታውቂም?»

«አላየሁትም። ያኔ አላየሁትም።»

እንዝርቱ ቆመ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። «እንግዲያ እይው። እስከ በሩ ልሂድ?»

«እስከ በሩ ሄደው ይመለሱልኝ።»

ሄዱ፤ ተመለሱ። «ሌላስ? እንደ ገበያ በቅሎ ጥርሴን ልክፈትልሽ?»

የሺ ከውስጥ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ያየሁት ነገር አሳቀቀኝ። ቀኝ እግራቸው አይነሣም። አውራ ጣታቸው መሬቱን እየጫረ ነው የሚሄደው። ግቢው ውስጥ ያለች አንዲት ጠጠር አደናቅፋቸው ምርኩዛቸውን አጥብቀው ያዙ። ድንጋይ ባነጥፍላቸው ኖሮ አያንሸራትታቸውም ነበር። ያደናቅፋቸው ነበር እንጂ። ሁለተኛ ልጥላቸው ነበር።

ያን ቀን እስከ ማታ ተቀመጥኩ። የሺ ስታበስልም አየኋት።

ባሏ ከአዲስ አበባ ናሙና አምጥቶ ነበር፤ ጥቁር፣ እብነ በረድ የሚመስል፣ ፊት የሚያሳይ። የሺ ወዳዋለች፤ ከዓይኗ ያስታውቃል። አልተናገርኩም። ናሙናውን በፌስታል ይዤ፣ ተልባዬን በጠርሙስ በጥብጬ፣ ከየሺ ጋር ደብረ ብርሃን በሚኒባስ ወረድን።

ሁለት ሱቅ ገብተን ወጣን። ሦስተኛው ላይ ባለሱቁ ገና ወጣት ነው፤ አያውቀኝም። ናሙናውን መሬት ላይ አስቀምጬ ጫማዬን አወለቅሁና ጠርሙሱን ከፈትኩ።

«እናቴ፣ ምንድን ነው?»

«ተልባ ነው።»

«ሴራሚክ ልትገዢ ነው ወይስ እንጀራ ልትፈተፍቺበት?»

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። አፈሰስኩበት። በአንድ እጄ የየሺን ትከሻ ይዤ በጥቁሩ ላይ ቆምኩ። እግሬ ወዲያው ሄደ፤ የሺ ባትይዘኝ ወድቄ ነበር። ፊቷ ተለወጠ። ናሙናውን እሷው ራሷ አንሥታ ወደ ፌስታሉ መለሰችው። ስለ እሱ ዳግመኛ አላነሣችም።

ቀጥሎ ለደረጃና ለበረንዳ የሚሆነውን ሸካራ አመጣልን። ተልባው ላይ ያዘኝ። «ይኼው!» አለ ባለሱቁ። እኔ ግን ቀኝ እግሬን እንደ እማማ ስንዱ ሳላነሣ ጎተትኩት። አውራ ጣቴ በሸካራው ተያዘ። ሌላውንም እንዲሁ። ሌላውንም። ከአንዱ ወደ አንዱ እግሬን እየጎተትኩ ስሄድ ሳቁ ቆመ።

«እግርሽ ምን ሆኖ ነው እናቴ?» አለኝ ባለሱቁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የእኔ አይደለም። የአንዲት እናት እግር ነው። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ወድቀውብኛል።»

ከዚያ ወደ ጓሮ መጋዘን ገባ። አቧራ የጠጣ ካርቶን ተሸክሞ ወጣ። ትንንሽ ሴራሚክ ነው፤ የመዳፍ ያህል። ፊቱ ደብዛዛ፣ የማያበራ፣ ሲዳብሱት እንደ ደረቀ የሸክላ ሆድ። «ይኼን የሚገዛ የለም፤ ቀለሙን ሰው አይወደውም» አለ።

አፈሰስኩበት፤ ቆምኩበት። ያዘኝ። እግሬን ጎተትኩበት። አለፈልኝ። እንደገና አደረግሁት። አለፈልኝ። ትንንሽ መሆኑ ደግሞ መጋጠሚያው ብዙ ነው፤ መጋጠሚያው ከፊቱ ጋር እኩል ከተሞላ እግር ሳያደናቅፍ ይቆነጥጣል።

የሺ አዘነች። «እትዬ፣ አመድ እኮ ነው የሚመስለው።»

«አመድ ላይ ወድቆ የተሰበረ ሰው ታውቂያለሽ?»

ባለሱቁ ነው ቀድሞ የሳቀው። ዋጋውም ከሁሉም ያነሰ ነበር። ሲሸኘን የተልባውን ጠርሙስ ተዪልኝ አለኝ፤ ሰጠሁት።

አሮጌው ወለል ሲነሣ እዚያው ነበርኩ። ብርቄ በመዶሻና በመሮ አንድ በአንድ ነቀለችው። አስቸገራት። ከሥሩ አንድም ባዶ ቦታ አልነበረም፤ ሲሚንቶው ሙሉ ነው፣ ውሃ ልኩ ዛሬም ልክ ነው። «እትዬ፣ ይኼን የሠራ ሰው የተባረከ ነው» አለችኝ፣ የማን እንደሆነ ሳታውቅ። የሺ ቀና ብላ አየችኝ። ሥራዬ ጥሩ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የከበደኝም እሱ ነው፤ እጄ ሳይሆን ምርጫዬ ነው የሳተው።

ብርቄ አራት ቀን አነጠፈች፤ እኔ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት። ሙቀጫው የሚቆምበት ጋ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሴራሚኩ እኩል ቀበርን፤ ሴራሚክ ወቀጣን አይችልም። የበሩን ደፍ አፈረስነው፤ ከሳሎን ወደ ማዕድ ቤት ሲገባ ምንም ከፍታ እንዳይኖር። መጋጠሚያውን ስትሞላ በጣቴ እየዳበስኩ ሦስት ቦታ አስደገምኳት። «እትዬ፣ የሚታይ ነገር የለውም እኮ» አለችኝ። «እኔም ያኔ አልታየኝም» አልኳት።

በሩ ጋ የምትቀመጠዋን የመጨረሻዋን ግን ለራሴ አልኩ። ተንበረከክሁ። ሐኪሙ ይቅር ይበለኝ። ጉልበቴን በሕይወቴ ለሁለት ነገር አውዬዋለሁ፤ ለሥራና ለስግደት። የሥራው እዚያ ላይ አለቀ። አማትቤ አስቀመጥኳት፤ በመዳፌ ጫን አደረግኋት። ሁለቱ ሴቶች ደግፈው አነሡኝ።

ከኒቆዲሞስ ሰንበት በፊት ባለው ሐሙስ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ልናስረክብ ተሰበሰብን። የሺ ሽሮ ጥዳለች። እኔ ተልባ በሳሕን በጥብጬ ከምድጃው እስከ በሩ አፈሰስኩት። ጫማዬን አውልቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቀኝ እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። ተመለስኩ።

ዓይኔን ስከፍት እማማ ስንዱ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ጾም ላይ እህል ታፈሺያለሽ?» አሉኝ።

«ለእርስዎ ነው እማማ።»

«እኔ እዚያ ቤት ጉዳይ የለኝም።»

የሺ ማማሰያዋን ይዛ እንደቆመች ቀረች። ብርቄ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። እኔም ይግቡ አላልኳቸውም። አንድ ጊዜ «አያንሸራትትም» ብያለሁ፤ ዳግመኛ ቃል አልሰጥም። ይኼን ጊዜ ወለሉ ይናገር አልኩ በልቤ። እመቤቴን ጠራሁ።

ምርኩዛቸውን ወደ ውስጥ ሰድደው የፈሰሰው ላይ ጫኑት። ገፉት። አልሄደም። ጫማቸውን አወለቁ። ግራ እግራቸውን አስገቡ። ቆሙ። ከዚያ ቀኙን ጎተቱት፤ ደፉ በነበረበት ቦታ ላይ፣ እኔ ባስቀመጥኳት ሴራሚክ ላይ፣ ጣታቸው ሳይያዝ አለፈ። አንድ እርምጃ። ሁለት። ተልባው በእግራቸው ጣቶች መካከል ሲወጣ አየሁት። መሐል ላይ ሲደርሱ ምርኩዙን አነሡትና ክንዳቸው ላይ አንጠለጠሉት።

ምድጃው ጋ ደረሱ። የድስቱን ክዳን ከፈቱ።

«ይኼን ሽሮ ማነው እንዲህ ያቀጠነው?»

የሺ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። «እኔ ነኝ እማማ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ።»

«ይታያል» አሉ እማማ ስንዱ። «ማማሰያውን ወዲህ በይ።»

እያማሰሉ፣ ጀርባቸውን ለእኔ እንደሰጡ፣ «ዘነቡ» አሉኝ።

«አቤት እማማ።»

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው እልሽ ነበር። እንዳትጎጂ ብዬ ነው። ወለልሽ ነው የጣለኝ።»

«አውቃለሁ እማማ።»

«እንደምታውቂ አውቃለሁ። ሰው አላየኝም ብዬ ነው የከፋኝ፣ ስብራቱ አይደለም።» ዘወር አሉ፤ ያለ ምርኩዝ፣ ተልባ ላይ ቆመው። «አሁን ወለልሽ ያዘኝ። ይኼንንም ከእኔ ስሚ።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ያን ማታ ከዚያ ቤት እህል ቀመስኩ፤ ሥራው አልቋልና። ሽሮው ወፍሮ ነበር።

በማግስቱ ዓርብ ማለዳ ኪዳን አድርሼ ተመለስኩ። ከረጢቱን ከአልጋው ሥር አውጥቼ ለብርቄ ላክሁላት። ከዚያ እሳት አነደድኩ፤ አንድ ጣሳ ተልባ ለቀምኩ፣ ቆላሁት፣ ወቀጥኩት። ተሰማ በተልባው ሽታ ነቅቶ ከመኝታው መጣ።

«ዛሬ ደግሞ የማን ወለል ሊፈተን ነው?»

«የማንም አይደለም» አልኩት። «ለዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የምበላው እኔ ነኝ።»